ፓሲቭ መጻፍ ስህተት አይደለም፤ «ዎዝ ሃፕንድ» ግን ስህተት ነው

ጥያቄው፦ «የጤና ባለሙያ ነኝ፤ አሁን ሁለተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌን ረቂቅ ለአማካሪዬ ስሰጥ ዳር ዳሩ ላይ ‘ፓሲቭ በዝቷል’ የሚል ማስታወሻ ሞልቶ ተመለሰልኝ። የምጽፍበት የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ዎርድም፣ ፓሲቭ ባገኘ ቁጥር ያሰምርበታል። የምርምር ዘዴ ያስተማሩን መምህር ግን ‘አይ’ እና ‘ዊ’ ሳይንሳዊ ጽሑፍ ውስጥ አይገቡም፣ ሁሉም በፓሲቭ ይጻፍ ብለውናል። ከሁሉ የገረመኝ ‘ዚ አክሲደንት ዎዝ ሃፕንድ አት ናይት’ ብዬ የጻፍኩት በቀይ ተሰርዞ ማየቴ ነው። አደጋው ‘ተከሰተ’ ማለት ፓሲቭ አይደለም እንዴ? ማንን ልስማ?»

ሁለት የተለያዩ ችግሮች ተቀላቅለውብዎታል። አንደኛው የምርጫ ጉዳይ ነው፤ አክቲቭ (አድራጊው ባለቤት የሚሆንበት) ልጻፍ ወይስ ፓሲቭ (ድርጊቱ የደረሰበት ባለቤት የሚሆንበት) የሚለው። ሌላኛው ምርጫ የለውም፤ የለየለት የሰዋስው ስህተት ነው። «ዎዝ ሃፕንድ» የሚባል እንግሊዝኛ የለም። አማካሪዎ ሰርዘውት አለፉ እንጂ ምክንያቱን አልጻፉልዎትም። እኔ ከእሱ ልጀምር፤ ፓሲቭ ከመብዛቱ ይልቅ ጽሑፍዎን የሚጎዳው ይሄ ስለሆነ።

የስህተቱ ምንጭ አማርኛችን ነው። ግስ ላይ «ተ» ካየን ፓሲቭ ነው ብለን እናስባለን። እውነቱ ግን ከዚህ ሰፋ ይላል። «ተጻፈ»፣ «ተሸጠ»፣ «ተገደለ» ስንል ድርጊቱን የፈጸመ ሌላ አካል አለ። እነዚህ እውነተኛ ፓሲቮች ናቸው። «ተቀመጠ»፣ «ተነሣ»፣ «ተማረ»፣ «ተናገረ»፣ «ተሳተፈ» ስንል ግን የሚያደርገው ባለቤቱ ራሱ ነው። «ተከሰተ» እና «ተሰወረ» ደግሞ ማንም ሳያደርጋቸው የሚሆኑ ነገሮች ናቸው። ያው አንዲት «ተ» ይህን ሁሉ ሥራ ትሠራለች። እንግሊዝኛ ግን ፓሲቭ የሚፈቅደው ለመጀመሪያው ዓይነት ብቻ ነው።

ስለዚህ ረቂቅዎን ሲያዩ መጀመሪያ የሚፈትሹት ግሱ በእንግሊዝኛ ተሳቢ ይወስዳል ወይ የሚለውን ነው። ቀላል መፈተኛ አለ። ከግሱ በፊት «ሳምባዲ»፣ ከግሱ በኋላ «ኢት» ያስገቡ። «ሳምባዲ ሮት ኢት» ያስኬዳል፤ ስለዚህ «ኢት ዎዝ ሪትን» ይቻላል። «ሳምባዲ ሃፕንድ ኢት» አያስኬድም። ስለዚህ «ኢት ዎዝ ሃፕንድ» የለም፤ ያለው «ኢት ሃፕንድ» ብቻ ነው። በዚህ ፈተና የሚወድቁ ግሶች በእኛ አገር የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ ሞልተዋል። «ዎዝ ኦከርድ» ሳይሆን «ኦከርድ»። «ዎር ፓርቲሲፔትድ» ሳይሆን «ፓርቲሲፔትድ»። «ዎዝ ዲስአፒርድ» ሳይሆን «ዲስአፒርድ»። «ኢዝ ዲፔንድድ ኦን» ሳይሆን «ዲፔንድስ ኦን»። «ኢዝ ቢሎንግድ ቱ» ሳይሆን «ቢሎንግስ ቱ»። «ኢዝ ኮንሲስትድ ኦፍ» ከሁሉም በላይ የተለመደው ነው። «ኮንሲስትስ ኦፍ» ይበሉ፤ ፓሲቭ ቅርጹን ከወደዱት ደግሞ «ኢዝ ሜድ አፕ ኦፍ» ወይም «ኢዝ ኮምፖዝድ ኦፍ» አለልዎት።

ተሳቢ እየወሰዱም ፓሲቭ የማይሆኑ ጥቂት ግሶች አሉ። ስለዚህ ፈተናው በእነሱ ላይ አይሠራም። «ሪዘምብል»፣ «ላክ»፣ ዋጋን የሚናገረው «ኮስት» እና ባለቤትነትን የሚናገረው «ሃቭ» ከእነሱ ውስጥ ናቸው። እነዚህን በቃል መያዝ ነው፤ ብዙ አይደሉም።

ተቃራኒው ስህተትም አለ። «ተወለድኩ» በአማርኛም በእንግሊዝኛም ፓሲቭ ነው፤ የሚገርመው ግን ብዙ ሰው «አይ ቦርን ኢን ደሴ» ይላል። ትክክሉ «አይ ዎዝ ቦርን» ነው። የ1948ቱ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ 1 «ኦል ሂዩማን ቢይንግስ አር ቦርን ፍሪ» ብሎ ይጀምራል። «አር» የምትለዋን ልብ ይበሏት። እሷ ከወጣች ዓረፍተ ነገሩ ይፈርሳል።

በንግግርም በጽሑፍም የሚያስቸግሩ ሌሎች ሦስት ቦታዎች ላንሳ።

አንዱ «ተሰረቅኩ» ነው። አማርኛ የተወሰደበትን ሰው ባለቤት ያደርገዋል። «አይ ዎዝ ስቶለን» ካሉ ግን ሰሚው እርስዎን ራስዎን ሌባ ተሸክሞ እንደሄደ ነው የሚረዳው። በእንግሊዝኛ የሚሰረቀው ዕቃው ነው፤ «ማይ ፎን ዎዝ ስቶለን»። ስለ ራስዎ ማውራት ከፈለጉ ግሱን ይቀይራሉ፤ «አይ ዎዝ ሮብድ»።

ሁለተኛው «ፀጉሬን ተቆረጥኩ» ነው። ይሄን አባባል እወደዋለሁ። ግሱ «ተ» አለበት፣ ሆኖም ተሳቢው ከነ «ን» ቁጭ ብሏል። እንግሊዝኛ ይህን በተራ ፓሲቭ መሸከም አይችልም። «አይ ከት ማይ ሄር» ካሉ መቀሱን የያዙት እርስዎ ነዎት። ሌላ ሰው ከቆረጠልዎ «አይ ሃድ ማይ ሄር ከት» ነው የሚባለው። ጥርስ ማስነቀል፣ ደም መመርመር፣ ራጅ መነሣት፣ መኪና ማሠራት ሁሉ በዚሁ መንገድ ነው የሚነገረው። በጤና ሙያ ላይ ስላሉ ይሄ በየቀኑ ያስፈልግዎታል።

ሦስተኛው «ተሰጠኝ» ነው። «መድኃኒት ተሰጣቸው» ስንል ባለቤቱ መድኃኒቱ ነው፤ ሕመምተኞቹ ግሱ ጭራ ላይ ተንጠልጥለዋል። እንግሊዝኛ ግን ተቀባዩን ወደ ፊት አምጥቶ ባለቤት ማድረግ ይችላል። «ዘ ፔሽንትስ ዎር ጊቭን ፓራሲታሞል» በጣም የተፈጥሮ አነጋገር ነው። አማርኛው ስለማይፈቅድ ብቻ ብዙ ጸሐፊዎች ይሸሹታል። አይሽሹት።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚከብደው አድራጊ የሌለው የአማርኛ አነጋገር ነው። «ወደ መርካቶ በየት በኩል ይኬዳል?»፣ «እዚህ አይጨስም»፣ «በዚህ አይታለፍም»። «መሄድ» ተሳቢ የማይወስድ ግስ ነው፤ አማርኛ ግን ፓሲቭ ያደርገዋል። እንግሊዝኛ እዚህ ቦታ ላይ በሩን ዘግቷል። መውጫው «ዩ»፣ «ፒፕል» ወይም ትንሽ ከበድ ባለ ጽሑፍ «ዋን» ማለት ነው። «ሃው ዱ ዩ ጌት ቱ መርካቶ?» ሲባል «ዩ» እርስዎን ብቻ አይመለከትም፤ ማንኛውንም ሰው ነው። ይህን ዓይነት አማርኛ ቃል በቃል ወደ ፓሲቭ ለመመለስ የሚደረግ ሙከራ ሁሉ መጨረሻው አያምርም።

አሁን ወደ ምርጫው ልለፍ። አማካሪዎ፣ መምህርዎ እና ዎርድ ሦስቱም ከፊል እውነት ይዘዋል።

መጀመሪያ ሁለት ነገር ግልጽ መሆን አለበት። ፓሲቭ ጊዜ አይደለም። «ዎዝ» ያለበት ሁሉ ፓሲቭ አይደለም። «ሺ ዎዝ ቲችንግ» አክቲቭ ነው፤ እያስተማረች ነበር ማለት ነው። «ሺ ዎዝ ቶት» ግን ፓሲቭ ነው፤ የተማረችው እሷ ናት፤ ያስተማራት ሌላ ነው። ፓሲቭን የሚሠሩት ሁለት ነገሮች አብረው ሲቆሙ ነው፤ አንዱ «ቢ» ግስ፣ ሌላው ትምህርት ቤት «ቪ ስሪ» እያልን የሸመደድነው ቅርጽ። ጊዜውን የሚሸከመው «ቢ» ብቻ ነው። «ኢዝ ሪትን»፣ «ዎዝ ሪትን»፣ «ሃዝ ቢን ሪትን»፣ «ኢዝ ቢይንግ ሪትን»፣ «ዊል ቢ ሪትን» እያለ ሲለዋወጥ «ሪትን» ንቅንቅ አይልም። ይህን ከያዙ የጊዜ ሰንጠረዡን ሁሉ መሸምደድ አያስፈልግዎትም።

ትምህርት ቤት ያስተማረን መገልበጥን ነው። አክቲቩን ፓሲቭ አድርግ፣ ፓሲቩን አክቲቭ አድርግ። ፈተናውም ይሄንኑ ይጠይቃል። ታዲያ ሁለቱ አንድ ዓይነት ትርጉም ያላቸው ሁለት ልብሶች ይመስሉናል። መቼ የትኛውን እንደምንመርጥ ግን አልተነገረንም። የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ስንደርስ የምንቸገረው ለዚህ ነው።

ምርጫውን የሚወስነው አንቀጹ ስለ ማን ወይም ስለ ምን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። ስለ ፔኒሲሊን አንቀጽ እየጻፉ ነው እንበል። «ፔኒሲሊን ዎዝ ዲስከቨርድ ባይ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ኢን 1928» ማለት ልክ ነው። አንቀጹ የመድኃኒቱ ታሪክ ስለሆነ ዓረፍተ ነገሩ በመድኃኒቱ መጀመር አለበት። ስለ ፍሌሚንግ ሕይወት ከሆነ የሚጽፉት «ፍሌሚንግ ዲስከቨርድ ፔኒሲሊን» ነው የሚሻለው። እውነታው አንድ ነው፤ አንባቢው ዓይኑን የሚያሳርፍበት ግን ይለያያል። አንባቢው ቀድሞ የሚያውቀው ነገር ፊት ይመጣል፣ አዲሱ ኋላ ይከተላል። ፓሲቭ ይህን ቅደም ተከተል ለመጠበቅ የሚያገለግል መሣሪያ ነው። ሙሉ በሙሉ ቢከለከል እንግሊዝኛ ሽባ ይሆናል። የ1776ቱ የአሜሪካ የነፃነት መግለጫ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚጠቀሰው «ኦል ሜን አር ክሪኤትድ ኢኩዋል» የሚለው ሐረግ ራሱ ፓሲቭ ነው። ማንም አርታኢ አክቲቭ አድርጉት አላለም።

አድራጊው በማይታወቅበት ወይም ለጉዳዩ ምንም በማይጨምርበት ጊዜም ፓሲቭ ትክክለኛው ምርጫ ነው። «ብለድ ሳምፕልስ ዎር ስቶርድ አት ማይነስ 80 ዲግሪስ» ሲሉ ናሙናውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስገባው ማን እንደሆነ አንባቢው አይፈልግም። የሂደት ገለጻም እንዲሁ ነው። ቡና ሲለቀም፣ ሲታጠብ፣ ሲደርቅ የሚያሳይ ጽሑፍ ላይ ገበሬውን በየዓረፍተ ነገሩ መጥራት አንባቢን ያደክማል። የእንግሊዝኛ ችሎታ መለኪያ የሆነው የአይኤልቲኤስ አካዳሚክ ፈተና የመጀመሪያው የጽሑፍ ክፍል የሂደት ሥዕል ይዞ ከመጣ ፓሲቭ የማይችል ሰው ይቸገራል።

መምህርዎ ያሉት ከዚህ የመጣ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን የሳይንስ ጽሑፍ ፓሲቭን እንደ ደንብ ያዘው። ሐሳቡ ሙከራውን ማንም ቢሠራው ውጤቱ አንድ መሆን አለበት፣ ስለዚህ ሠሪው አይጠራ የሚል ነው። ሐሳቡ ክቡር ነው። ግን «አይ» እና «ዊ» በሳይንስ ጽሑፍ ውስጥ አይገቡም የሚለው ትክክል አይደለም። ሳይንቲስቶቹ ዋትሰን እና ክሪክ በ1953 የዲኤንኤን ቅርጽ ያስተዋወቁበት አጭር ጽሑፍ የሚጀምረው «ዊ ዊሽ ቱ ሰጀስት ኤ ስትራክቸር» ብሎ ነው። ያንን ያተመው ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት ዛሬ ደራሲዎች በአክቲቭ ቢጽፉ እንደሚመርጥ በግልጽ ይናገራል። በ2019 የወጣው የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር (ኤፒኤ) የአጻጻፍ መመሪያ ሰባተኛ እትምም ሁለቱንም ይፈቅዳል፤ ቅድሚያውን ግን ለአክቲቭ ይሰጣል። ብቻዎን የጻፉ ከሆነ ደግሞ «ዊ» ሳይሆን «አይ» በሉ ይላል።

ፓሲቭ ጽሑፍን ገለልተኛ አያደርግም። ይህን አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። «ኢት ዎዝ ዲሳይድድ ቱ ኤክስክሉድ ትዌልቭ ፓርቲሲፓንትስ» የሚል ዓረፍተ ነገር እስቲ ይመልከቱ። አሥራ ሁለት ሰው ከጥናቱ ወጥቷል። ማን ወሰነ? አጥኚው ነው? የሥነ ምግባር ኮሚቴው ነው? ወይስ ሆስፒታሉ? ዓረፍተ ነገሩ ሳይንሳዊ ይመስላል፤ ግን ገምጋሚው ሊያውቀው የሚገባውን ነገር ሸሽጓል። ፖለቲከኞች ይህን ጥቅሙን በደንብ ያውቁታል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን ለኢራን በድብቅ መሣሪያ የተሸጠበት የኢራን ኮንትራ ቅሌት ሲያስጨንቃቸው በጥር 1987 ለኮንግረስ ባደረጉት ንግግር «ሲሪየስ ሚስቴክስ ዎር ሜድ» አሉ። ከባድ ስህተቶች ተሠርተዋል፤ ማን እንደሠራቸው ግን ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የለም። በጥናትዎ ውስጥ ውሳኔ፣ ፍርድ ወይም ስህተት ባለበት ቦታ ሁሉ አድራጊውን ስም ይስጡት። ለአንባቢ ያለብን ግዴታ ነው።

የአማርኛ ዜና ልማድም እዚህ ላይ ይጎትተናል። «ተገለጸ»፣ «ተጠቆመ»፣ «ተመለከተ» እየሰማን ስላደግን እንግሊዝኛው «ኢት ዎዝ ኢንዲኬትድ ዛት» ይሆናል። ማን አመለከተ? ጥናት ከሆነ ጥናቱን ባለቤት ያድርጉት። መሥሪያ ቤት ከሆነ መሥሪያ ቤቱን ይጥሩ።

አሁን አማካሪዎ «በዝቷል» ስላሉት። ብዙ ጊዜ አማካሪ «ፓሲቭ በዝቷል» ሲል የሚያማርረው ሌላ ነገር ነው። ግሱ ስም ሆኖ፣ ቦታውን ባዶ ግስ ይዞበታል። «ዳታ ኮሌክሽን ዎዝ ካሪድ አውት»፣ «አን አናሊሲስ ዎዝ ሜድ»፣ «ዲስከሽን ዎዝ ኮንዳክትድ»። ይሄም ከአማርኛ «ጥናት ተደረገ»፣ «ውይይት ተካሄደ» ጋር አብሮ የሚመጣ ነው። እነዚህን አክቲቭ ማድረግ እንኳ ላያስፈልግ ይችላል። «ዳታ ዎር ኮሌክትድ» ቢሉ ፓሲቭ እንደሆነ ነው፤ ግን ቀለለ፣ አጠረ። ረቂቅዎን ከዚህ ጀምሮ ያጽዱ። ግማሹ ቅሬታ እዚያው ይጠፋል ብዬ እገምታለሁ።

ሁለት ጥንቃቄዎች ልጨምር። «ዩዚንግ ኤስፒኤስኤስ፣ ዘ ዳታ ዎር አናላይዝድ» ዓይነት ዓረፍተ ነገር ጠንቃቃ አንባቢን ያሰናክላል። ኤስፒኤስኤስ የተባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም የተጠቀመው ዳታው ራሱ ይመስላልና። «አይ አናላይዝድ ዘ ዳታ ዩዚንግ ኤስፒኤስኤስ» ይበሉት፤ ወይም «ዘ ዳታ ዎር አናላይዝድ ዊዝ ኤስፒኤስኤስ»። ሁለተኛው ጥንቃቄ «በ»ን ይመለከታል። አማርኛ «በሐኪሙ ተቆረጠ» እና «በመቀስ ተቆረጠ» ሲል ያው «በ» ነው። እንግሊዝኛ ይለያቸዋል። አድራጊው ሰው «ባይ» ይወስዳል፤ መሣሪያው «ዊዝ» ይወስዳል። «ኢት ዎዝ ከት ባይ ሲዘርስ» ከሚሉ «ዊዝ ሲዘርስ» ይበሉ።

ዎርድን በተመለከተ፣ የሚያየው ቅርጽን ብቻ ነው። «ቢ» እና «ቪ ስሪ» ሲገናኙ ያሰምራል፤ ለምን እንደመረጡት ማወቅ አይችልም። ማስመሩን እንደ ጥያቄ ይቁጠሩት፤ እንደ ፍርድ አይቁጠሩት። «ዎዝ ሃፕንድ»ን ዓይቶ ዝም ሊል፣ ጥሩውን «ዎር ስቶርድ» ሊያሰምርበት ይችላል።

ምክሬ ይህ ነው። መግቢያው ላይ የቀደሙ ጥናቶችን ሲጠቅሱ አክቲቭ ይጻፉ። የዘዴው ምዕራፍ ውስጥ የተለመደ አሠራርን በፓሲቭ ይተዉት፤ «ኢንፎርምድ ኮንሰንት ዎዝ ኦብቴይንድ» ላይ የሚቀየር ነገር የለም። እዚያው ምዕራፍ ውስጥ እርስዎ የመረጡትና የወሰኑት ነገር ሲመጣ ግን ወደ አክቲቭ ይዙሩ። የናሙና መጠን፣ ከጥናቱ የወጡ ሰዎች፣ መጠይቁ ላይ ያደረጉት ለውጥ ሁሉ በ«አይ» ይነገር። ውጤቱ ላይ ሰንጠረዡንና ግኝቱን ባለቤት ያድርጓቸው፤ «ቴብል ቱ ሾውስ» ለማለት የሚከለክል ደንብ የለም። ውይይቱ ላይ ሙግቱ የእርስዎ ነው፤ በአክቲቭ ይቁሙበት።

የትምህርት ክፍሉ መመሪያ «አይ»ን በጽሑፍ ከከለከለ መመሪያውን ያክብሩ፤ በዚህ ጉዳይ መመረቂያን አደጋ ላይ መጣል አያዋጣም። «አይ»ን መተው ማለት ግን ፓሲቭ መጻፍ ማለት አይደለም። «ዚስ ስተዲ ኤግዛሚንስ»፣ «ዘ ፋይንዲንግስ ሰጀስት»፣ «ዘ ሪዘልትስ ሾው» ሁሉም አክቲቭ ናቸው፤ አንዱም «አይ» የለበትም። መምህርዎም አማካሪዎም የሚስማሙበት መንገድ እሱ ነው። ከዚያ በኋላም አማካሪዎ ከዘዴው ምዕራፍ ላይ ፓሲቩ ሁሉ ይውጣ ካሉ፣ ናሙና ስለማስቀመጥ የሚያወራውን አንቀጽ በሁለቱም መንገድ ጽፈው ጎን ለጎን ያሳዩዋቸው።